ኩፍኝና ጉንፋን በአራት አልጋ ክፍል

ይህን የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል፤ ወደ ኋላ የምለውን ለማመን አይቸገርም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ከወሎ በሰፈራ መጥተን አሶሳ ዙሪያ ስንወርድ ዕድሜዬ ወደ አርባው ተጠግቶ ነበር። የአማርኛውን ፊደል ከቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የፈረንጁን ደግሞ ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ ራሴ ለቀምኩት። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሠፈራችን ሲመጣ አንድ ገጽ አስነበበኝና «አንተማ ከተማሪዎቹ ጋር አትቀመጥም፤ እኔ ሲደክመኝ ትተካኛለህ» አለኝ። ተካሁትም። በሁለት ክረምት ውስጥ የሠፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው፣ የመጣውንም የማነበው እኔ ሆንኩ።

ቋንቋም አላነሰኝም። ኦሮምኛን ከባምባሲ ገበያ፣ በርታኛን ከጎረቤቶቼ፣ ዐረብኛን ከሱዳን ዕቃ ከሚያመጡ ነጋዴዎች ወሰድኩ። ጉሙዝኛ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱም መተከል ሄጄ የመቀመጥ ዕድል ስላላገኘሁ እንጂ እምቢ ብሎኝ አይደለም። ራዲዮ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የምትገኘውን ቀጭን ወረቀት ሌላው ሲጥላት እኔ አነሳትና በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነባት ነበር። በኋላማ ከጤና ረዳቶቹ መካከል የመድኃኒት መጠን የጠፋበት ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የነበረው ይኸው ስለሆነ ነው።

ክልሉ አዲስ ሲቋቋም አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዘበኛ ነበርኩ። ያኔ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ማኅተሙ፣ ሰሌዳው፣ ሹመቱ። የቢሮ ወንበሮች ላስቲካቸው ሳይገፈፍ ይቀመጡባቸው ስለነበር ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ላስቲኩ አብሮት ይነሳል። የእጅ ጽሑፌን ያየ አንድ ኃላፊ ከበር አንስቶ ካርድ ክፍል አስገባኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሆሞሻ ይምጣ ከባምባሲ፣ አንድም በሽተኛ በእኔ እጅ ሳይጻፍ አልገባም። ድኖ ሲወጣም ሆነ ሲሞት ካርዱን የምዘጋው እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ በኮሮና ጊዜ ሁለት ሊቃውንት ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጠው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ የኮሮናና የኢንፍሉዌንዛ በሽተኞችን እያነጻጸሩ «ይኼኛው ይብሳል፣ የለም ያኛው ይብሳል» ሲባባሉ ስሰማ ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለውን ማነጻጸር እኔ አሶሳ ላይ አይቼዋለሁ፤ ስሕተቱንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለልጆቼ ማስረዳት ስጀምር «አባባ፣ ዜናውን እንስማበት» አሉኝ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲባል ዛሬ በትልልቅ ከተሞች እንደሚታየው በሽቦና በመብራት የተሞላ እንዳይመስላችሁ። የእኛው ቀድሞ የብርድ ልብስ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። አራት አልጋ ገባበትና መሐሉ በአንሶላ ተጋረደ። በሩ ላይ «ጽኑ ሕሙማን» ብዬ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቱ ከዓመታት በኋላም አልደበዘዘም። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ አንድ ማሽን ነበረን፤ ቁመቱ ትንሽ ቁምሳጥን ያህላል፣ ድምፁ የእህል ወፍጮ ይመስላል። ከእሱ የምትወጣው ቀጭን ቱቦ በሽተኛው አፍንጫ ላይ ትደረጋለች። አንድ ማሽን፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ አፍንጫ። ሲሊንደሮችም ነበሩን፤ ግን ባዶ ናቸው። ተሞልተው የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው፣ መኪናው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ካርድ ክፍል ከገባሁ በኋላ፣ በአንዱ ዓመት መጋቢት ላይ፣ ማንጎው መብሰል ሲጀምርና አቧራው ከሰማይ አልወርድ ሲል፣ ሁለት በሽታ ባንዴ መጣብን። ከሆሞሻ በኩል ኩፍኝ፤ በባምባሲ መንገድ ዳር፣ እኛ ሰፋሪዎች ካለንበት፣ ብርቱ ጉንፋን። ጉንፋኑን ዶክተሩ «ኢንፍሉዌንዛ» ይለው ነበር። ሁለቱም ሳንባ ውስጥ ከገቡ በኋላ መልካቸው አንድ ነው። አፍንጫ እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል፣ ጎድን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈር ይጠቁራል።

ሚስቴንም ጉንፋኑ ያዛት። በሁለተኛው ቀን በጋሪ ጭኜ አመጣኋትና «መርፌ ውጉልኝ» አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ የወለጋ ሰው የሆነች ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ወረቀቱን እያነበቡ! ይኼ በሽታ መርፌ አይፈልግም» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ግን የእኛ ሰው ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። በአምስተኛው ቀን የሚስቴ ትንፋሽ ሲያጥር ሦስተኛው አልጋ ላይ አስተኟት፣ ማሽኑንም አመጡላት።

በዚሁ ሰሞን ከበላይ አንድ ፎርም መጣ። ሁለቱን በሽታዎች አነጻጽሩ፣ ኦክስጅን የትኛውን ይጠቅማል የሚለውን አሳውቁን፣ ሲሊንደር ወደዚያ ወረዳ እንልካለን ይላል። ዓምዶቹ አምስት ናቸው፤ ተራ ቁጥር፣ ወረዳ፣ የበሽታው ዓይነት፣ ሆስፒታል የገባበት ቀን፣ የወጣበት ወይም የሞተበት ቀን። አለቀ።

ዶክተሩ ጢሙ በወጉ ያልበቀለ፣ ከመሐል አገር የተመደበ ልጅ ነበር። ሥራ አይጠላም፣ ሰው አይሰድብም፤ ግን ፎርም ሲያይ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ያምናል። ሁለት ቀን ተቀምጦ ሞላውና ጠራኝ፤ በጥሩ እጅ እንድገለብጥለት ነው።

«ይኸውልዎት ጋሼ» አለ። «ኩፍኝ ይዟቸው ክፍሉ ከገቡት አብዛኞቹ በሁለት ቀን ውስጥ ያልፋሉ። ማሽኑ ላይ ብናደርጋቸውም ያልፋሉ። ኢንፍሉዌንዛ የያዛቸው ግን ሳምንት ይተኙና ይወጣሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑ ለኢንፍሉዌንዛ ነው።»

«ዶክተር፣ ኩፍኞቹ ስንተኛ ቀናቸው ላይ ነው የመጡት?»

«የመጡበት ቀን ተጽፏል እኮ።»

«የመጡበትን አላልኩም። የታመሙበትን ነው።»

«እሱን ፎርሙ አይጠይቅም።»

«እኔ ጠይቄያለሁ!»

ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። «ጋሼ፣ እርስዎ ካርድ ይፈልጉልኝ፣ እኔ ላክም። ደግሞስ ማሽኑ ያለው ባለቤትዎ ጋ አይደል? ምን ከፋዎት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ወሎዬዎችም እንበል በርታዎችም፣ በሌላው በሽታ ሁሉ መርፌ እንወዳለን። ሰው በጉንፋን ሲያዝ በማግስቱ «ውጉኝ» ብሎ ይመጣል። ኩፍኝ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋ ሽፍታው ወደ ውስጥ ይመለስና ይገድለዋል ይባላል። ስለዚህ እናት ልጇን ጨለማ ቤት ታስተኛለች፣ በር ትዘጋለች፣ ከጤና ሠራተኛ ትደብቃለች። ሆስፒታል የምታመጣው ሌላ ተስፋ ሲያልቅ ነው፤ በስምንተኛው፣ በዘጠነኛው ቀን። ያን ጊዜ ማሽኑ ምን ያድርግ? እንግዲህ ዶክተሩ ያነጻጸረው ኩፍኝን ከጉንፋን ጋር አልነበረም። በሁለተኛ ቀኑ የመጣን ሰው በዘጠነኛ ቀኑ ከመጣ ሰው ጋር ነበር።

ይህን እኔ ያወቅሁት እንዴት ነው? ስለምጠይቅ ነው። የሆሞሻን እናት «በስንት ቀን ታመመ?» ብትሏት «ቆየ» ነው የምትለው። እኔ ግን ሰው ቀን የሚቆጥረው በገበያ እንደሆነ አውቃለሁ። በበርታኛ «ባለፈው ገበያ ደህና ነበር? ገበያ የሄድሽው ጥለሽው ነው ይዘሽው?» እላለሁ። ወዲያው ይወጣል፤ «ገበያው ሁለት ቀን ሲቀረው ዓይኑ ቀላ።» ይህን በካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ አሰፍራለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሲስተር አንድ ቀን ጥጉን አይታ «ይኼ ምንድን ነው ጋሼ፣ ክታብ ነው?» ብላ ቀልዳብኛለች። ሁሉም ይቀልዳል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አያነብም።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ከሆሞሻ እየመጣች ማንጎና የቀርከሃ ሰፌድ የምትሸጥ አንዲት የበርታ ሴት ነበረች፤ የቆየች ደንበኛዬ ናት። በዐረቦቹ ልማድ «ያ ዓሚ» ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። አማርኛ ከእኔ ጋር ማውራት ትወዳለች፤ በርታኛ ብጀምርላት እንኳን በአማርኛ ነው የምትመልሰው።

«ያ ዓሚ፣ ጎረቤት የኔ ልጁ ሞተ። ሆስፒታል ሄደ፣ መርፌ ወጋው፣ ሞተ።»

«መርፌው አልገደለውም። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ቤት ተኝቶ ነው የመጣው።»

«አንተ ሰፋሪ ሁሉ ታውቃለህ!» ብላ ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ቤት የኔ ሴት ልጅ አለ። ዐሥር ዓመት። ዛሬ ጠዋት ትኩስ ነው። ዓይን ቀይ ነው።»

«ሽፍታ ወጣ?»

«ገና።»

«አሁኑኑ ሂጂና አምጪያት።»

«መርፌ?»

«መርፌ የለም» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ልጁ መዋጥ እስከቻለ ድረስ መድኃኒቱ በሽሮፕ፣ እናቱ እያየች እንዲሰጥ ከሲስተር ጋር ተነጋግሬ ነበር፤ ይህም የእኔ ሐሳብ ነው። «ቶሎ ከመጣሽ ትድናለች። ቶሎ ነይ ብቻ። እኔ እዚያ አለሁ።»

ሰፌዶቿን ለጎረቤቷ ትታ ሄደች። እንደ ትልቅ ሰው ቆሜ አየኋትና በራሴ ኮራሁ። ዶክተሩ ያላደረገውን በአንድ ገበያ አደረግሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እናቲቱ ልጅቷን አዝላ መጣች። ዐሥር ዓመት የሞላት ልጅ አዝላ፣ ከመኪና መውረጃው ጀምሮ። ሽፍታው ወጥቷል፣ ትንፋሿ ፈጥኗል፣ ግን ዓይኗን ገልጣ ታያለች፣ ውሃም ስትሰጣት ትውጣለች። አራተኛ ቀኗ ነው። ካርዷን ስጽፍ እጄ ደስ አለው፤ በኩፍኝ ካርድ ጥግ ላይ አራት ቁጥር መጻፍ ብርቅ ነበር። ሲስተር ሽሮፑን ሰጠቻት። እናቲቱ የሲስተርን ሁለት እጆች እያገላበጠች አይታ መርፌ አለመኖሩን አረጋገጠች።

ዶክተሩ ደረቷን አዳመጠ። «የሳንባ ምች ገብቷል። አራተኛው አልጋ ላይ ትተኛ።»

«ማሽኑስ?» አልኩ።

«ጋሼ፣ ተነጋግረናል። ኩፍኝ ነው።»

«ይቺ እንደ ሌሎቹ አይደለችም! አራተኛ ቀኗ ነው!»

«ማሽኑ ተይዟል» ብሎ ሄደ።

አራተኛው አልጋ ከሦስተኛው የሚለየው በአንድ አንሶላ ነው። በአንሶላው በወዲያ በኩል ማሽኑ ይጮኻል፤ በወዲህ በኩል የልጅቷ ጎድን ይሰረጉዳል። እናቲቱ አንድ ጊዜ ወደ ድምፁ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ታያለች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ካርድ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በሁለቱ በሽታዎች ክፍሉ የገቡትን ሁሉ ካርድ አወጣሁ። በበሽታ አልከፋፈልኳቸውም፤ በጥጉ በጻፍኩት ቁጥር ደረደርኳቸው። ቶሎ የመጡ በአንድ ወገን፣ የዘገዩ በሌላ ወገን። እንደጠበቅሁት ሆኖ ወጣ። ቶሎ ከመጡት ጥቂት ኩፍኞች አብዛኞቹ በእግራቸው ወጥተዋል። ከጉንፋኖቹም ከሩቅ እርሻ ዘግይተው የመጡት እንደ ኩፍኞቹ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተዋል። ኩፍኝ ቀላል ነው አላልኩም፣ አሁንም አልልም። ግን ማሽኑ ለማን ይሁን ለሚለው በሽታው ብቻውን መልስ አይሆንም።

ካርዶቹን በጨርቅ አስሬ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ፤ ሲስተርም ነበረች። ሳላስፈቅድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ፎርሙ ያልጠየቀው ነው።»

አስረዳሁት። ለሰው ማስረዳት ተሰጥኦዬ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገባው። እያንዳንዱን ካርድ አንስቶ ጥጉን ያያል፣ ይመልሳል፣ ያነሳል። ሲስተር «ማል ጎና!» አለች በኦሮምኛዋ፣ ምን እናድርግ ማለቷ ነው፤ «ለካ ክታቡ ይኼ ነበር።» ዶክተሩ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ አንቀሳቀሰ። የአልጋዎቹን ቁጥር ነበር የሚፈልገው።

«አንደኛ አልጋ አለ። ሁለተኛ አለ። አራተኛ አለ። የሦስተኛው አልጋ ካርድ የት ነው?»

ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከአምስት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። ለምን እንደያዝኩት በዚያች ሰዓት ብትጠይቁኝ «እንዳይጠፋ» እላችሁ ነበር። የክፍሉን ካርዶች ሁሉ ስደረድር ያቺን ብቻ አላወጣኋትም፤ አውጣኝ ብላ ኪሴ ውስጥ ስትከብደኝም አውቃለሁ። አወጣሁና ሰጠሁት።

የራሴን እርሳስ አነበበው። «ባለቤትዎ ዛሬ ዐሥረኛ ቀናቸው ነው። ትኩሳታቸው ከወረደ ሦስት ቀን ሆኗል። ትናንት ገንፎ በልተዋል።» ወደ ሲስተር ዞረ። «ማሽኑ ላይ ማን አቆያቸው?»

«የጋሼ ባለቤት ስለሆኑ…» አለች ሲስተር፣ ጎንበስ ብላ። «ልንቀል ሳስብ ጋሼ መጥተው አጠገባቸው ይቆማሉ። ደፍሬ መንቀል አቃተኝ።»

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው «የእሷ ሌላ ነው» የሚል ነበር። «ሳሏ ገና ነው። ጉንፋን ይመለሳል። ደግሞ ማሽኑ ለኢንፍሉዌንዛ ነው ያሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉም?» አልኩ። በዶክተሩ ፎርም ዶክተሩን መታሁት። እሱም ፎርሙን ከልቡ ያምን ስለነበረ አንስቶ እንደገና አነበበው። እንዲህ ስንከራከር፣ እኔ ደግሞ መከራከር ስጀምር አላቆምም፣ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ካርዶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። የተናደድኩት በዶክተሩ ይሁን በራሴ መለየት አቅቶኝ ነበር።

እናቲቱ በሩ ላይ ቆመች። ማንም አልጠራትም።

«ያ ዓሚ» አለች። «ቶሎ ና አልክ። መጣሁ።»



«ይነቀል» አልኩ።

አራታችንም ወደ ክፍሉ ሄድን። ቱቦውን ከሚስቴ አፍንጫ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲያነሳው አልፈለግሁም። ሚስቴ አፍንጫዋን በመዳፏ አሸችና አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ተገኘ? ሁለት ቀን ሙሉ አሳከከኝ፣ ንቀሉልኝ ብል ማን ሰማኝ?»

«ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«ለአንተማ ነገርኩህ! ዝም በይ፣ ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው አይናገርም አልከኝ። ከወረቀት አንብቤያለሁ አልከኝ!»

ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አንሶላው ተገለጠ፣ ማሽኑ በመንኮራኩሩ ወደ አራተኛው አልጋ ተገፋ። ዶክተሩ ቱቦውን ለልጅቷ አፍንጫ በሚሆን መጠን በመቀስ አሳጠረው።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ብቻ ነበር የቀረው። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ለሁለት ሰው ትንፋሽ ቆጠርኩ። አንድ ደቂቃ ሚስቴን፣ አንድ ደቂቃ ልጅቷን፣ እንደገና ሚስቴን። የቆርቆሮው ጣራ በሙቀት ይንጣጣል። ሚስቴ «አትቁጠርብኝ፣ ታስጨንቀኛለህ» እያለች ትስላለች፤ ከንፈሯ ግን ቀይ ነው። ልጅቷ ከቀትር በኋላም አልተለወጠችም። እናቲቱ የልጅቷን እግር ይዛ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የልጅቷ ጎድን መሰርጎዱን ቀነሰ። ዐሥር ሰዓት ላይ ዶክተሩ መጥቶ አዳመጠና ትንፋሿን የመዘገብኩበትን ወረቀት አይቶ፣ እኔ የጻፍኩትን ቁጥር በራሱ እጅ በካርዷ ላይ ገለበጠው። ይህን ስታነቡ ትንሽ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል።

ልጅቷ ሳምንት ተኛች። የአፏ ቁስል አስቸገራት፣ ጆሮዋም መግል አወጣ፣ ግን ከሁለተኛው ቅዳሜ በፊት በእግሯ ወጣች። እናቲቱ ስትሰናበተኝ «ያ ዓሚ፣ መርፌ የለም ያልከው እውነት ሆነ» አለችኝ። ስለ ማሽኑ አላነሳችም። ስለዚያች አንድ ሰዓትም አላነሳችም። ሚስቴ ደግሞ ቤቷ ገብታ እስከ ግንቦት ሳለች፣ እስከ ዛሬም ጎረቤት ሲሰበሰብ «ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው አይናገርም» እያለች ታስቅብኛለች።

ይሁንና ንዴቴ እዚህ አያልቅም። ዶክተሩ ደንቡን ሻረው፣ ማሽኑ ለሚያስፈልገው ይሁን አለ። ፎርሙ ግን እንደ ፎርምነቱ መሄድ ነበረበት፤ የሕመም መነሻ ቀን የሚል ዓምድ የለውም። እኔ በሦስት ቀን ውስጥ የራሴን ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ በማስመሪያ፣ በሁለት ቀለም፤ ዶክተሩ ፈረመበት፣ ከፎርሙ ጋር በስፒል አያይዘን ላክነው። ፎርሙን አስቀሩት። ሠንጠረዤ ተመልሶ መጣ፤ «ከፎርሙ ውጭ የሆነ አባሪ አንቀበልም» የሚል አንድ መስመር ተጽፎበት፣ ስፒሉም ቀርቶ። ሲሊንደሮቹ በግንቦት መጨረሻ መጡ። በፎርሙ መሠረት ወደ ባምባሲ መንገድ ተላኩ። ጉንፋኑ ካለቀ ወር አልፎታል። ሲሊንደሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው፣ ሆሞሻ ግን ገና ኩፍኝ ነበረባት። ለማን ልጩህ? ለዶክተሩ ጮህኩ። «ልክ ነዎት ጋሼ» አለኝ። ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ! በቀጣዩ ዓመት እሱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ የመጣው አዲሱ ዶክተርም ካርዱን ገና ሲያይ «ይኼ ጥጉ ላይ ያለው ጭረት ምንድን ነው?» ብሎ በላጲስ ሊያጠፋው ተነሳ። እጁን ይዤ አስቀረሁት።

በዚያ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የፈጸምኩት ይህ ነው፤

የሕመሙን መነሻ ቀን በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ በእርሳስ፣ እጅ ይዤ ካስቀረሁ በኋላ ግን በእስክሪብቶ።

በገበያ ቀን የሚቆጠረውን በበርታኛና በኦሮምኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ለሁለት ነርሶችና ለአንድ ጤና ረዳት አስተማርኩ። ጤና ረዳቱ ረሳው።

በሆሞሻና በአሶሳ ገበያ ለእናቶች እየዞርኩ ተናገርኩ። ያመኑኝ ቶሎ መጡ። ያላመኑኝ አልመጡም፣ እነሱን አልወቅስም።

ሽሮፕ በእናት ፊት እንዲሰጥ አደረግሁ።

የተመለሰውን ሠንጠረዥ አልቀደድኩትም። ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

የሚስቴን ቱቦ በራሴ እጅ ነቀልኩ።

አንዲት እናት «ቶሎ ነይ» ስላት ቶሎ መጣች፤ ልጇን ይዛ በእግሯ እንድትመለስ አደረግሁ። ግን አንድ ሰዓት አዘገየኋት።